ማዮማ ተገኘብኝ፣ «ማህፀንሽ ይውጣ» አሉኝ፤ እኔ ግን ልጅ እፈልጋለሁ

ጎፋ_34
ሰኞ፣ ከሌሊቱ 8:10

ሰላም እህቶቼ። እንቅልፍ ካጣሁ ዛሬ አራተኛ ሌሊቴ ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ተኝቷል። ስልኩን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቼ ነው የምጽፈው።

34 ዓመቴ ነው። ከተጋባን 5 ዓመት አለፈን። ልጅ የለንም። አንዴ አርግዤ በዘጠነኛው ሳምንት ወረደብኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

የወር አበባዬ ድሮም ይበረታ ነበር። ያለፉት ሁለት ዓመታት ግን ሌላ ሆነብኝ። ስምንት ቀን ይፈሳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ላይ በየሰዓቱ ሞዴስ እቀይራለሁ። እንደ ጉበት የረጋ ደም ይወጣል። ታክሲ ስሳፈር ከስሬ ፌስታል አነጥፋለሁ። ቢሮ ወንበሬ ላይ የታጠፈ ጥቁር ፎጣ አለ፤ ባልደረቦቼ ለወገቤ ይመስላቸዋል። ደረጃ ስወጣ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ይደርሳል። «የሴት ነገር ነው፣ እናቴም እንዲሁ ነበረች» እያልኩ ቆየሁ።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ ወደቅኩ። ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም የደሜ መጠን፣ 7.2 ሆኖ ተገኘ። አልትራሳውንድ ሲታይ ማዮማ፣ የማህፀን እጢ። ትልቁ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሌሎች ሦስት ትናንሽ አሉ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፤ ፊቴን አላየም። «ማህፀኑ ቢወጣ ይሻላል» አለኝ። ልጅ እንደሌለኝ ነገርኩት። «ከዚህ ጋር መውለድ ይከብዳል» ብሎ ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። ሦስት ደቂቃ እንኳ አልተቀመጥኩም።

ለባለቤቴ «ደም ማነስ ነው» ብቻ ነው ያልኩት። አማቴ ደግሞ ባለፈው ክርስትና ላይ ሆዴን በእጃቸው ነካ አድርገው «ተመስገን፣ ሊሰጠን ነው መሰለኝ» አሉ። ሆዴ የገፋው በእጢው ነው። ምን ልበላቸው? ጓዳ ገብቼ እስኪያልፍልኝ ቆምኩ።

ከማዮማ ጋር ያረገዘች አለች? አስወጥታ የወለደች? ማህፀኔ የግድ መውጣት አለበት? እውነቱን ንገሩኝ፣ ቢከፋም እችለዋለሁ።


ነጭ_ነጠላ
ሰኞ፣ ከንጋቱ 12:30

አይዞሽ የኔ እህት። ብቻሽን አይደለሽም። እኔም ጥቁር ቀሚስ ብቻ የምለብስባቸው ቀናት አሉኝ። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ረዘም አድርጌ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ምንም ነገር ላይ እንዳትፈርሚ።


ሲስተር_በ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:05

የማህፀን ክፍል ውስጥ 16 ዓመት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ሐኪምሽን አልተካም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጠኑን ጽፈሻል፤ ቦታውን አልጻፍሽም። የት ነው ያለው?

ማህፀንን እንደ ቅል አስቢው። ቅል ውስጡ ባዶ ነው። ቅርፊት አለው። ውጪ አለው። ማዮማ የሚነሳው ከቅርፊቱ ሥጋ ነው። ከዚያ ወደ ውስጠኛው ባዶ ቦታ ሊገፋ ይችላል። እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ሊቀር ይችላል። ወደ ውጪ ሊያብጥም ይችላል፤ አንዳንዱ እንደ ፍሬ በቀጭን ግንድ ይንጠለጠላል። ሐኪሞች ወደ ውስጥ የገባውን ሰብሙኮሳል፣ ቅርፊቱ ውስጥ ያለውን ኢንትራሙራል፣ ወደ ውጪ ያበጠውን ሰብሴሮሳል ይሉታል። ወረቀትሽ ላይ ከእነዚህ አንዱ ተጽፎ ይሆናል። አውጪና እዪው።

ለእርግዝና ዋናው ችግር ወደ ውስጥ የገባው ነው። ፅንሱ የሚጣበቅበትን ቦታ ያበላሻል። ትንሽ ሆኖም ብዙ ደም ያፈሳል። ወደ ውጪ ያበጠው ግን ትልቅ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ማርገዝን አይከለክልም። የሽንት ፊኛን ይጫናል፣ ወገብ ያማል፣ ሆድ ያስገፋል፤ ሌላ ነገር ነው። ቅርፊቱ ውስጥ ያለው በመሃል ነው። በእሱ ላይ ሐኪሞችም አንድ ቃል አይደሉም። አድጎ ውስጠኛውን ክፍት ቦታ ካጣመመ ግን ያስቸግራል። ስለዚህ «7 ሴንቲ» የሚለው ቁጥር ብቻውን ልጅ ይኑርሽ አይኑርሽ አይነግርሽም።

ሌላም ልንገርሽ። ልጅ ለማግኘት ከተቸገሩ ሴቶች ውስጥ ማዮማ ብቻውን ምክንያት የሆነባቸው ከመቶ ከ2 እስከ 3 እንደሚሆኑ ይገመታል። ብዙዎች ማዮማም አላቸው፣ ሌላ ምክንያትም አላቸው። የማህፀን ቱቦ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። እንቁላል በሥርዓቱ አይወጣ ይሆናል። የባል ዘር አልታየ ይሆናል። ማዮማው ስለተገኘ ብቻ ፍለጋው እዚያ ላይ አይቆምም።

ካንሰር ነው ብለሽም አትጨነቂ። ማዮማ ካንሰር አይደለም። ማዮማ መስሎ ካንሰር ሆኖ የሚገኘው በጣም ጥቂት ነው። ማህፀን ማውጣትም ከብዙ አማራጮች አንዱ ነው። ልጅ ለምትፈልግ ሴት መጀመሪያ የሚታሰበው እጢውን ብቻ አውጥቶ ማህፀኑን ማስቀረት ነው። ማዮሜክቶሚ ይባላል። ይህን ቃል ይዘሽ ሌላ የማህፀን ሐኪም ጋ ሂጂ።

ዛሬውኑ ግን ደምሽን ያዢ። ለሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው። ከ8 በታች ደግሞ ከባድ የሚባለው ነው። አይረን ታዞልሻል? ከቡና እና ከሻይ ጋር አትውሰጂው። ቡና አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቂው። ሎሚ ወይም ብርቱካን ይረዳዋል። ይህን የምለው ስንት ሴት በባዶ ሆዷ አይረን ውጣ፣ ወዲያው ሦስት ሲኒ ቡና ጠጥታ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ስትል ስላየሁ ነው።


ጎፋ_34
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ በአንድ መልእክት የነገሩኝን ያህል ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ወረቀቱን አወጣሁት። 7 ሴንቲው «ኢንትራሙራል» ይላል። ከትናንሾቹ ሁለቱ ወደ ውጪ ያሉ ናቸው። ሦስተኛው 2.1 ሴንቲ ነው፤ «ሰብሙኮሳል» ይላል። ስለ እሱ አንድም ቃል አልተነገረኝም። ሁሉም ያወራው ስለ ትልቁ ነው።

አይረኑን በቡና ነበር የምውጠው።


ሀገሬ_21
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:15

እህቴ ኦፕራሲዮን ውስጥ አትግቢ። የአክስቴ ልጅ በባህል መድኃኒት ነው የጠፋላት። ለ40 ቀን የሚጠጣ ሥር አለ። ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።


ከኩዌት_የተመለሰች
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

ለሀገሬ_21፦ በክፉ እንዳላሰብሽ አውቃለሁ። ግን የእኔን ስሚኝ። ሰው ቤት ስሠራ ሦስት ዓመት ሙሉ ደሜ ሲፈስ ቆየ። አሠሪዬ ሐኪም ቤት አልወሰደችኝም፤ እኔም ከሥራ እንዳልባረር ደበቅኩ። ሌሊት አንሶላዬን አጥቤ፣ በፀጉር ማድረቂያ አድርቄ፣ ጠዋት ደረጃ አጸዳ ነበር። አንዷ ጓደኛዬ ከሀገር ቤት የመጣ ዱቄት ሰጠችኝ። በማር እየለወስኩ ወሰድኩት። ደሙ አልቆመም። ሆዴን ያመኝ ጀመር፣ ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ሀገሬ ስገባ ሐኪሙ ጉበቴ መጎዳቱን ነገረኝ። ማዮማው ደግሞ 14 ሴንቲ ደርሶ ነበር። ለዱቄቱ የሰጠሁት አንድ ዓመት እጢው ያደገበት ዓመት ሆነ።

በሆድ ተከፍቼ 11 እጢ ወጣልኝ። ማህፀኔ ተረፈ። አሁን 31 ዓመቴ ነው። ገና አላገባሁም። ጠበሉንም እጠመቃለሁ፣ ክትትሉንም አላቋርጥም። አንዱ አንዱን አይከለክልም። የማይታወቅ ነገር ግን ከእንግዲህ በአፌ አይገባም።

አረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ፣ ከወር ወር ከባሰባችሁ አትደብቁ። ደመወዝ ይተካል።


የአንድ_እናት
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:20

እኔ አስወጥቼ ወልጃለሁ። እንደተጠየቀው እውነቱን ከነችግሩ ልጻፍ።

በ32 ዓመቴ ነው የተገኘብኝ። ትልቁ 9 ሴንቲ፣ ቅርፊቱ ውስጥ፣ ውስጠኛውን ቦታ ገፍቶ አጣሞታል። ሦስት ዓመት ሞክረን ነበር። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ ለእኔም «ይውጣ» ብለውኛል። ሁለተኛው ሐኪም ወንበሩን ወደ እኔ አዞረና በወረቀት ላይ ሥዕል ሣለልኝ። ያቺን ሥዕል እስካሁን አልጣልኳትም።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሁለት ወር አይረን ወሰድኩ፤ ደም መፍሰስ የሚቀንስ ኪኒንም በፔሬድ ቀናት ብቻ። ትራኔክሳሚክ አሲድ ነው ስሙ። ሆርሞን ስላልሆነ ለማርገዝ የምትሞክር ሴትም ልትወስደው እንደምትችል ተነገረኝ። ወንድሜና ሁለት ጓደኞቹ ደም ሰጡልኝ።

ስነቃ ሐኪሙ የወጣውን በሳህን አድርጎ አሳየኝ። ሰባት ናቸው። ደም ደም የሚል ነገር ነበር የጠበቅኩት። ነጭ ነው፣ እንደ ጥሬ ድንች ጠንካራ። ትንሿ እንደ ሽምብራ ነበረች። ይህን ነው ስንት ዓመት ተሸክሜ የዞርኩት ብዬ አለቀስኩ።

ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አላነሳሁም። ሐኪሜ ስፌቱ እስኪጠና ስድስት ወር እንዳላረግዝ አዘዘኝ። ሌላ ሴት ሦስት ወር ተብላለች፣ ሌላዋ ዓመት፤ እንደ ቁስሉ ጥልቀት ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሞከርን። በስምንተኛው ወር ሁለት መስመር አየሁ። እርግዝናው ሲታወቅ «በምጥ አትወልጂም» አሉኝ፤ ጥልቅ ስፌት ስላለ ማህፀኑ በምጥ ጊዜ እንዳይቀደድ። በኦፕራሲዮን ወለድኩ። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ስልኬን ልትነጥቀኝ እየታገለች ነው።

ችግሩን አልደብቅም። ባለፈው ዓመት ሁለት አዲስ ትናንሽ ማዮማ ታየብኝ። የወጣው አልተመለሰም፣ ሌላ አዲስ በቀለ እንጂ። ስለዚህ አንቺም አስወጥተሽ ከሆነ፣ ዓመታት አትቁጠሪ። ጊዜው ሲፈቀድልሽ ሞክሪ።


43_ሆነኝ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:10

የተሳካላቸው ብቻ እንዳይጽፉ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሁለት ጊዜ ተከፍቻለሁ። በ33 እና በ38። ሁለቴም እጢው ወጣ፣ ማህፀኑ ቀረ። አልፀነስኩም። ቱቦዎቼ ሁለቱም ተዘግተው እንደነበር የታወቀው ከሁለተኛው ኦፕራሲዮን በኋላ ነው። በቀለም የሚነሳው ራጅ ከመጀመሪያው ቢታዘዝልኝ ኖሮ ሌላ መንገድ እይዝ ነበር። ሲስተር ያሉትን አንብቡ፤ ፍለጋው ማዮማ ላይ አይቁም።

በ41 ዓመቴ ደሙ ተመለሰ። ሄሞግሎቢኔ 5 ገባ። ያኔ ማህፀኔን አስወጣሁ። ውሳኔው የእኔ ነበር። እንቁላል የሚያመርተው ክፍል ስለተተወልኝ ማረጥ በአንዴ አልመጣብኝም። በስምንት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጭ ቀሚስ ለብሼ ጥምቀት ወጣሁ። አልቅሻለሁም፣ ተመስገን ብያለሁም፣ በአንድ ቀን።

ስለዚህ «ማህፀን አስወጣች» ሲባል እንደ ሞተች አታውሩ። ለአንዷ ሕይወት ያድናል። ልጅ የምትፈልግ የ34 ዓመት ሴት በሦስት ደቂቃ ስትጠየቅ ግን ትክክል አይደለም። ቢያንስ ተቀምጠሽ ልትጠየቂ፣ ልትናገሪ ይገባሽ ነበር።

ልጅ አልወለድኩም። የእህቴን ልጅ አሳድጋለሁ። እናቴ ይለኛል።


ከሲልቨር_ስፕሪንግ
ረቡዕ፣ ከሌሊቱ 6:45

አሜሪካ ስለሆንኩ ሰዓቴ ከእናንተ ጋር አይገጥምም፤ ይቅርታ። እዚህም ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ የታወቀ ጥናት አለ። 50 ዓመት እስኪሞላቸው ከ10 ጥቁር ሴቶች ከ8 በላዩ ላይ ማዮማ ይገኛል። ነጮቹ ላይም 7 ገደማ ነው። ብዙዎቹ እንዳለባቸው ሳያውቁ ይኖራሉ። ጥቁር ሴቶች ላይ ግን ቀድሞ ይመጣል፣ ይበዛል፣ ያድጋል። ታዲያ ይህን ያህል ሴት ላይ ያለ ነገር እንዴት የሹክሹክታ ወሬ ሆነ? ተዋናይቷ ሉፒታ ኒዮንጎ ኦስካር ባገኘችበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ 30 ማዮማ እንደተገኘባት እ.ኤ.አ. በ2025 በአደባባይ ተናገረች። ሳነብ ዕንባዬ መጣ። ያ ሁሉ ካሜራ ሲያበራባት ሆዷ ውስጥ ያንን ይዛ ነበር።

አማራጮቹን የጠየቅኩትን ያህል ልጻፍ። በየወሩ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ሆርሞኑን ዘግቶ እጢውን ያሟሽሻል። ከኦፕራሲዮን በፊት ደም ለማጠራቀም ይጠቅማል። ሲቆም ግን እጢው ይመለሳል፤ መርፌው ላይ እያለሽም አታረግዢም። ልጅ ለማግኘት መድኃኒት አይደለም። የደም ሥሩን በቱቦ ገብቶ መዝጋትም አለ፣ ኢምቦላይዜሽን። ሆድ አይከፈትም። ነገር ግን ልጅ ለምትፈልግ ሴት ብዙ ሐኪሞች እሱን አያስቀድሙም፤ ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው እርግዝና ያለው መረጃ ስለሚያንስ።

እኔ 38 ነኝ። የእኔ እጢ ወደ ውጪ ያለ ነው፣ 6 ሴንቲ። ሐኪሜ «ተይው፣ ሞክሪ» አለችኝ። ከነእጢው አርግዤ አሁን 16ኛ ሳምንቴ ነው። ከትናንት ጀምሮ ግን ቀኝ ጎኔን ይወጋኛል። ሲስተር፣ ካነበቡት ይመልሱልኝ።


ሲስተር_በ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:20

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ እንኳን ደስ አለሽ ልጄ። ዛሬውኑ ሐኪምሽ ጋ ደውይ። በእርግዝና መሃል ማዮማው የሚደርሰው ደም ሲያንሰው ውስጡ ይሞትና ለጥቂት ቀናት ክፉኛ ያማል። በእረፍትና ለእርግዝና በተፈቀደ ማስታገሻ የሚያልፍ ነው። በራስሽ ግን ኪኒን አትምረጪ፤ አይቡፕሮፌን የመሰለው በእርግዝና ዝም ብሎ አይወሰድም። ትርፍ አንጀትም በቀኝ በኩል ስለሚያም መታየት አለብሽ። ደም ካየሽ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም ሆድሽ እየመጣ እየሄደ ከጠነከረ መደወሉን ትተሽ ሂጂ።


ከሲልቨር_ስፕሪንግ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:30

ሄድኩ። እርስዎ እንዳሉት ነው። ልቡ ይመታል፣ ሰማሁት። አመሰግናለሁ ሲስተር።


ከአሽዶድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:10

እስራኤል ነው የምኖረው። ጎፋ፣ ያቺን 2.1 ሴንቲ እንዳትንቂያት።

የእኔ 2 ሴንቲ ብቻ ነበረች። የእህቴ 10 ሴንቲ ነው፣ ወደ ውጪ። እህቴ ከነእጢዋ ሦስት ልጅ ወለደች። እኔ በዚያች ጓል በምታክል ነገር አራት ዓመት ባዶ እጄን ቀረሁ፤ ሁለቴም ወርዶብኛል። ቤተሰቡ «ታላቋ ያን ያህል ተሸክማ ትወልዳለች፣ አንቺ ምን ሆንሽ?» ይለኝ ነበር።

የእኔን ያወጡት በታች በኩል ነው። በማህፀን በር ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ አስገቡ፣ ከውስጥ ቆርጠው አወጡት። ሆዴ ላይ ጭረት የለም። ማታውን ቤቴ አደርኩ። ሁሉም የውስጥ ማዮማ በዚህ መንገድ አይወጣም፤ አብዛኛው አካሉ ባዶው ቦታ ውስጥ መሆን አለበት፣ መጠኑም መመጠን አለበት። ግን ጠይቂ።

ከዚያ በኋላ ዕድሜዬ ስለገፋ ወደ አይቪኤፍ ገባሁ፤ እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጪ ተገናኝተው ፅንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና ነው። እዚህ አገር እስከ 45 ዓመት፣ እስከ ሁለት ልጅ ድረስ በኩፓት ሆሊም፣ በጤና መድኑ፣ ይሸፈናል። በሁለተኛው ዙር ያዘ። ወንድ ልጅ ነው። አገር ቤትም እ.ኤ.አ. በ2019 ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል መከፈቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ድሮ ለዚህ ሰው ባንኮክና ሕንድ ይሄድ ነበር።


ወይንሸት_አይደለሁም
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4:00

አንድ ጥያቄ። እኔ ሦስት ወር የሚቆየውን የወሊድ መከላከያ መርፌ ስወስድ ነበር። ሰፈር ውስጥ ሁሉም «እሱ ነው ማዮማ ያመጣብሽ» ይሉኛል። እውነት ነው?


ሲስተር_በ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 5:15

አይደለም። እንዲያውም ያንን መርፌ የወሰዱ ሴቶች ላይ ማዮማ ያነሰ ሆኖ ነው በጥናት የተገኘው። መርፌው ሲቆም ልጅ ለመያዝ ብዙ ወራት ሊዘገይ ይችላል። ሰዉ ያንን ያይና «መርፌው ማዮማ አመጣባት» ይላል። በራስሽ አትፍረጂ። ምክንያቱ ያንቺ ጥፋት አይደለም።


አባወራው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:50

ወንድ ነኝ። ባለቤቴ ይህን ውይይት አሳየችኝ። ብጽፍ ቅር እንዳትሰኙ።

የባለቤቴ ማዮማ ሲገኝ ሁላችንም እፎይ አልን። አዎ፣ እኔም። «ምክንያቱ ታወቀ» አልን። እናቴ አለቀሰች፣ ዘመድ መከረ፣ አንዱ አጎቴ «ሌላ አስብ» አለኝ። ባለቤቴ ኦፕራሲዮን ሆነች። ዓመት ተኩል ምንም የለም። ያኔ ነው አንዲት ወጣት ሐኪም «አንተስ ታይተሃል?» ያለችኝ። አልታየሁም ነበር። በአራት ዓመት አንድም ቀን! ዘሬ በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ብልቃጥ ውስጥ ናሙና ሰጥቶ መምጣት ነው፤ መቁሰል የለ፣ መተኛት የለ። እሷ ሆዷን ተከፍታለች።

ያንን ውጤት ይዤ እናቴ ቤት ሄድኩ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ሰማች።

ጎፋ እህቴ፣ ለባልሽ ንገሪው። «ደም ማነስ ነው» ስትይው እሱ ምን እንደሚያስብ አታውቂም። ምናልባት እሱም ስልኩን ብርድ ልብስ ውስጥ ከትቶ ያነብ ይሆናል። ሐኪም ጋ ስትሄጂ አብሮሽ ይግባ። ሁለት ሰው ሲሰማ አንዱ የረሳውን አንዱ ይይዛል። ምርመራውንም ሁለታችሁ በአንድ ቀን ጀምሩ።


ነጭ_ነጠላ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3:20

ወንድሜ ዘመንህ ይባረክ። ባሌ ካጠገቤ ነው፣ አስነበብኩት። ዝም ብሏል። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ አለኝ።


ጎፋ_34
ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ከቀኑ 10:00

እህቶቼ፣ ጠፍቼ አይደለም።

ነገርኩት። ያን ሐሙስ ሌሊት። መብራቱን አበራሁና ወረቀቱን ሰጠሁት። ብዙ ጊዜ አነበበው፤ መቼም ቃሉ አይገባውም። ከዚያ «ፎጣው ለዚህ ነበር?» አለኝ። ቢሮ ሊወስደኝ ሲመጣ አይቶት ኖሯል።

ሁለተኛ ሐኪም ጋ አብረን ገባን። ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር። ሴት ሐኪም ናት፤ አንድ በአንድ መለሰችልኝ። ማህፀኑ ውስጥ ውሃ ጨምረው አልትራሳውንድ አዩ። ትንሿ 2.1 ከግማሽ በላይ ወደ ውስጥ ገብታለች። ትልቁም ከኋላ በኩል ውስጡን ገፍቶታል። ቱቦዎቼ ክፍት ናቸው። የባለቤቴም ውጤት ደህና ነው። ማህፀን የሚያስወጣ ነገር አላየችም። ሁለቱንም በሆድ በኩል አንድ ላይ ታወጣለች።

አንድ ነገር ግልጽ አድርጋ ነግራኛለች። በኦፕራሲዮኑ መሃል ደሙ አልቆም ካለ፣ ሕይወቴን ለማትረፍ ማህፀኑን ማውጣት የግድ የሚሆንበት አጋጣሚ አለ። ጥቂት ነው፣ ግን አለ። ፈርሜያለሁ። የመጀመሪያው ሐኪም ያለውም ቃል ያው «ማህፀን ማውጣት» ነበር። አሁን ሳይደበቅ፣ በምክንያቱ ስለተነገረኝ ልፈርም ቻልኩ። ልጅ እንደምይዝ ቃል አልገባችልኝም። «ዕድልሽን እናስተካክላለን» ነው ያለችኝ።

ሄሞግሎቢኔ 10.6 ገብቷል። ትራኔክሳሚኩም ረድቶኛል፤ ባለፈው ወር ፌስታል አላነጠፍኩም።

አማቴ? ባለቤቴ ነው የነገራቸው። እኔ አልቻልኩም። ሦስት ቀን ዝም አሉ፤ የከፋ ነገር ሊያመጡ ነው ብዬ ፈራሁ። ባለፈው እሑድ ቤታቸው ቡና ተፈላ። አቦሉ ቀረበ፣ ጭሱ ከፍ አለ፣ እጄን ወደ ሲኒዬ ዘረጋሁ። እሳቸው ሲኒዬን አነሱና ከራሳቸው አጠገብ አስቀመጡት። «መድኃኒትሽን ከዋጥሽ ስንት ሰዓት ሆነሽ?» አሉኝ። አንድ ሰዓት አልኳቸው። «እንግዲያው በሦስተኛው ትጠጫለሽ» አሉ። ሌሎቹ ሲጠጡ እኔ ሎሚ ተጨምቆልኝ ተቀመጥኩ። በረካው ሲመጣ ሲኒዬን ራሳቸው ቀዱልኝ።

ቀጠሮዬ ኅዳር 18 ነው። ሁለት ደም የሚሰጡ ሰዎች አግኝተናል፤ ሦስተኛ እየፈለግን ነው።


43_ሆነኝ
እሑድ፣ ከቀኑ 10:35

ጎፋ ነው የምትኖሪው አይደል? እኔ ሳሪስ ነኝ። የእህቴ ልጅ 19 ዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነው፣ ደም ሰጥቶ ያውቃል። ጠየቅኩት፣ እሺ ብሏል። መቼና የት እንደሚመጣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።